የሑዘይፋ ቋንቋ

ሑዘይፋ ስትሮክ ከመታው በኋላ መጀመሪያ አፉን የከፈተው ጭሮ በጉም ተሸፍና በዋለችበት ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ተጎትቶ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ይውል ነበር። ሚስቱ ዙለይኻ አጥሚት ልታጠጣው ማንኪያውን ስታነሳ ድንገት ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ማንኪያውን መልሳ አስቀምጣ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ከተናገረው ውስጥ የለየችው የገዛ ስሟን ብቻ ነበር።

“ምን አልከኝ የሱመያ አባት?”

ደግሞ ተናገረ። ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሁኔታው ግን እንደሚቃዥ ሰው አልነበረም።

“ቢሻን?” አለችው በኦሮምኛ፣ ውሃ ጠምቶት እንደሆነ ብላ። ቀጥላ በአማርኛ “ውሃ ላምጣልህ?” አለችው።

ትክ ብሎ አያትና ዓይኑን ጨፈነ።

ዙለይኻ እዚያው ጭሮ ተወልዳ በኦሮምኛ አፏን የፈታች ሴት ናት። እሱ በልጅነቱ አጎቱን ተከትሎ ከስልጤ አገር መጥቶ፣ አስፋልቱ ዳር ሽርጥና ብርድ ልብስ ሲሸጥ ያረጀ ነጋዴ ነው። ትዳራቸው በሁለት ቋንቋ የኖረ ትዳር ነበር፤ ገበያውና ቁጣው በኦሮምኛ፣ ጨዋታውና የጓዳው ነገር በአማርኛ። ስልጥኛ ግን ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም ማለት ይቻላል። አጎቱ ቶሎ ሞተ። ወንድሙ በሕይወት ሳለ አልፎ አልፎ ሊጠይቀው ሲመጣም ለእሷ ሲሉ በአማርኛ ነበር የሚጫወቱት።

ሐኪሙ አንጎሉ ውስጥ የንግግር ቦታው ተጎድቷል፣ ታገሱ አለ። ጎረቤቷ ሀሚዳ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ የሑዘይፋን ንግግር ካዳመጠች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ይሄ የሱ አፍ አይደለም። ጅን ነው የሚያናግረው፤ ቁርኣን አስቀሪበት” አለቻት። ሼሁ መጡና ቁርኣን ቀሩበት። ሑዘይፋ ረጋ ብሎ ሰማ፤ አሚን በሚባልበት ቦታ ሁሉ ጥርት አድርጎ አሚን አለ። ሼሁ ጫማቸውን አጥልቀው ሲወጡ ያው የማይገባው ንግግር ቀጠለ።

ልጃቸው ሱመያ ጂግጂጋ ነው ያገባችው። መጥታ ጥቂት ሰንብታ፣ ትንንሽ ልጆቿ እየደወሉ ሲያለቅሱባት ተመለሰች። ሱቁ ተዘጋ። መጀመሪያ ሰሞን ይመላለስ የነበረው ጠያቂ እየሳሳ ሄደ። ምን ይሁን? ሰው ታማሚ ቤት የሚመጣው ሊያወራ ነው፤ ሑዘይፋ ሲያናግራቸው ደግሞ የሚመልሱት ስለሚያጡ መሬት መሬቱን እያዩ ይቀመጣሉ።

ዙለይኻም ቀስ በቀስ ዝም አለች። አስባበት አልነበረም። መጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ፣ የቲማቲሙን መወደድ፣ የሀሚዳን ፍየል መጥፋት ሁሉ ትነግረው ነበር። የሚመጣላት መልስ ግን ወሬዋን የሚከተል አይመስልም፤ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጥላ ድምፁን እንደማጣት ሆነባት። ከዚያ “ብላ” እና “ዙር” ብቻ ቀሩ። ቆይቶ እነሱም በእጅ ሆኑ። አጥባ ታስቀምጠዋለች፣ ታበላዋለች፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ሆና አስፋልቱን ቁልቁል የሚበሩትን ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ታያለች። ባጃጅ ሲያልፍ ሹፌሩ እጁን ያነሳላታል። አንዳንድ ቀን ለፀሎት ካልሆነ በቀር አንደበቷን ሳታንቀሳቅስ ይመሻል።

በግቢው የኋላ ክፍል ቤርሳቤህ የምትባል ተከራይ ነበረች። የበደሳ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ ሱቅ አላቸው። ጭሮ ኮሌጅ ውስጥ ሳይኮሎጂ ታስተምራለች። ሰው የሌላት፣ ከክፍል መልስ ሻይዋን ብቻዋን የምትጠጣ ልጅ ናት። ሑዘይፋ ከታመመ ወዲህ ግን ማታ ማታ ገብታ አጠገቡ ትቀመጥ ጀመር።

በዚያ ሰሞን የምታስተምረው ስለ አእምሮና ስለ አንጎል የሚያጠናው ሳይንስ ከየት እንደተነሳ ነበር። ተማሪዎቿ እንዳያንቀላፉባት ከጨዋታ ትጀምራለች። የሳይንሱ ስም ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ምሁራን ታክሲ ተሳፍረው ሲሄዱ የወጣ ነው ይባላል ስትላቸው፣ ዳግማዊ የሚባል ተማሪ “ባጃጅ ቢሆን ኖሮ ስሙ ሳይወጣ ይደርሱ ነበር” ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ከዚያ ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት ፓሪስ ሆስፒታል ውስጥ የኖረውን፣ “ታን” ከምትል አንዲት ድምፅ በቀር ብዙም የማይናገረውን ሰው ነገረቻቸው። ሲሞት ሐኪሙ አንጎሉን ከፍቶ በስተግራ ከፊት በኩል የተበላሸ ቦታ አገኘ፤ ንግግር በአንጎል ውስጥ ቦታ አለው የሚለው ክርክር ያን ጊዜ ጉልበት አገኘ። ሳይንሱ የተነሳው ከጤነኛ ሰው አይደለም፣ አንድ ነገር ከጎደለበት ሰው ነው አለቻቸው።

ለቀጣዩ ክፍል ስትዘጋጅ ብዙ ቋንቋ ይናገሩ ስለነበሩ ታማሚዎች አነበበች። ድሮ ፈረንሳይ ውስጥ ሁለት ሐሳብ ነበር። አንደኛው፣ ሰው አንጎሉ ሲጎዳ አዲሱ ይጠፋል፣ በልጅነት የገባው ይቀራል ይላል። ሁለተኛው፣ የለም፣ ቀድሞ የሚመለሰው በየቀኑ ሲነገር የኖረው ነው ይላል። እስከ ዛሬም አልተቋጨም፤ አንዱ ታማሚ ለዚህኛው ይመሰክራል፣ ሌላው ለዚያኛው። ቤርሳቤህ ንባቧን ትታ ተነሳችና ግቢውን አቋርጣ ሄደች።

ዙለይኻ ልብስ እያጠፈች ነበር።

“እማ ዙለይኻ፣ ጋሽ ሑዘይፋ ልጅ ሆነው በምን ቋንቋ ነበር የሚናገሩት?”

“በአገሩ ነዋ። በስልጥኛ።”

“የሚናገሩት እሱን ቢሆንስ?”

ዙለይኻ እጇ ላይ ያለውን ሽርጥ ይዛ ቆመች። “ረስቶታል እኮ ልጄ። እሱ ራሱ ረሳሁት ይለኝ ነበር።”

“ረስተውት ላይሆን ይችላል። ሌላው ሲወድቅ ከስር ያለው ብቅ ይላል የሚሉ አሉ። እርግጠኛ አይደለሁም። የሚያውቅ ሰው ቢሰማቸው ነው።”

ቤርሳቤህ ለተማሪዎቿ የነገረችውን የፓሪሱን ሰው ስታነሳላት፣ ዙለይኻ ሻይ ቀድታላት ስለ እሱ ጠየቀቻት። ቤርሳቤህ የምታውቀውን ነገረቻት። ከሃያ ዓመት በላይ ሆስፒታል ኖሯል። መጻሕፍቱ በዚያች በሚላት ድምፅ ሲጠሩት ኖረው፣ ስሙ ሌቦርኝ እንደነበር በደንብ የተነገረው ቆይቶ ነው።

“ሚስት ነበረችው?”

“አላገባም ነው የሚሉት።”

“እንግዲያው ማን ነበር የሚያናግረው?”

ቤርሳቤህ አሰበች። “እሱን አልጻፉትም” አለች።

ስልጥኛ የሚያውቅ ሰው መፈለግ የመሰለውን ያህል ቀላል አልሆነም። ጭሮ ያሉት የስልጤ ልጆች እዚያው የተወለዱ ናቸው፤ “አባቴ ነበር የሚችለው” ይሏታል። በመጨረሻ ዙለይኻ አብዶን አሰበች። አብዶ ከሑዘይፋ ጋር በአንድ መኪና ከስልጤ አገር የወጣ፣ በወጣትነታቸው ተለያይተው ወደ ቆላ ወርዶ ሚኤሶ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ቤርሳቤህ የሑዘይፋን ድምፅ በዙለይኻ ስልክ ቀዳችላት። ሲቀዳ ዙለይኻ እንደ ልማዷ ዝም ብላ እያጎረሰችው ነበር፤ እሱ ደግሞ በየጉርሻው መሃል ይናገራል።

ሚኒባሱ ከጭሮ ዳገት ወርዶ ቆላው ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ። የተሳፈሩት እየተጫወቱ ነው፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት “አካም ጅርታ?” ብላ ልታወያያት ሞከረች። ዙለይኻ መለሰችላትና ጨዋታው አላለቅም እንዳይላት ወደ ውጭ ዞረች። ያን ያህል ሰው ማናገር ከብዷት ነበር። ማሽላው በዝናብ እጦት ሳያፈራ ደርቆ ቆሟል።

አብዶን ሱቁ ውስጥ፣ በላስቲክ ወንበር ላይ ፊቱን በፎጣ እያራገበ አገኘችው። ሲያያት ተነሳ።

“አሰላሙ ዓለይኩም። ዙለይኻ! ሰውዬሽ እንዴት ነው? መምጣት ነበረብኝ፣ አፈርኩ።”

“ወዓለይኩሙ ሰላም። ተወው አብዶ፣ ሁላችንም አርጅተናል። ይሄን ስማልኝ” ብላ ስልኩን ሰጠችው።

አብዶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። “ወላሂ የእናታችን አፍ ነው” አለ። “እንደ ልጅ ነው የሚያወራው፣ ሰባብሮ፣ ግን የኛው ነው።” “አልሐምዱሊላህ” አለች ዙለይኻ። ጅን አልነበረም። የሑዘይፋ የራሱ አፍ ነው።

አብዶ ግን ፈገግታው ጠፋ። ስልኩን ዝቅ አድርጎ “ድገሚው” አላት። ደገመችለት። ሰምቶ ሲጨርስ ለደንበኛ ሳሙና ሰጥቶ ሸኘና ተመልሶ ተቀመጠ።

“ዙለይኻ፣ ተጣልታችኋል እንዴ?”

“ከማን?”

“ከሱ ጋር።”

“ከታመመ ሰው ጋር ምን ያጣላኛል? አፅድቼ፣ አጥቤ፣ አብልቼ...”

“አውቃለሁ። እኔ የሚለውን ነው የምነግርሽ። ‘ዙለይኻ ምን በድዬሽ ነው የዘጋሽኝ?’ ነው የሚለው። መልሶ መላልሶ እሱኑ ነው። ‘እጅሽ ይመጣል፣ አንቺ አትመጪም’ ይላል።”

ዙለይኻ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አብዶ ፊቱን ከሱቁ ማዶ ወዳለው የባቡር ሐዲድ አዙሮ ጠበቃት። ውሃ አስመጣላት፤ አልጠጣችውም።

“የማይሰማኝ መስሎኝ ነው” አለች በመጨረሻ። “የማይሰማ ሰው ምን ይነገረዋል ብዬ።”

“አርብ እመጣለሁ” አላት አብዶ። “ከጁምዓ በኋላ። እኔ እነግረዋለሁ።”

አርብ መጣ። ሑዘይፋ ሲያየው በደህናው እጁ አንገቱን አንቆ አልለቅ አለው። ሁለቱ ሽማግሎች በዚያ ቋንቋ ጀመሩ። አብዶም ቋንቋው ዝጎበታል፤ ቃል ሲጠፋው ሑዘይፋ ያቀብለዋል። ሑዘይፋ ሳቀ። ያን ሳቁን ዙለይኻ ሰምታው አታውቅም፤ ቀጠን ያለ የልጅ ሳቅ ነው። ቤርሳቤህ ከበሩ ጎን ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች። ዙለይኻም ደስ አላት። ደስታው ውስጥ ግን አንድ የሚቀዘቅዝ ነገር ነበር። አብዶ አንዳንዱን ሲተረጉምላት የወንዝ ነገር ነው፣ የአንድ በሬ ነገር ነው፣ የእናቶቻቸው የእንሰት ማሳ ነው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ እሷ ገና አልተወለደችም። ባሏ ፊቷ ቁጭ ብሎ እሷ ወደሌለችበት አገር ሄዷል።

“አሁን ንገረው” አለችው አብዶን። “ዝም ያልኩት ቋንቋው ስላልገባኝ ነው በለው። አማርኛው ጠፍቶብሃል በለው።”

አብዶ ነገረው። ሑዘይፋ ቅንድቡን ሰብስቦ ሰማ፤ ከዚያ እየተቆጣ መለሰ።

“ምን አለ?”

አብዶ ጢሙን አሸ። “አላመነኝም። ‘እኔ እኮ አማርኛ ነው የማወራው’ ይላል። ‘ከሷ ጋር በአማርኛ፣ ካንተ ጋር በአገራችን’ ይላል። ሁለቱ አንድ ሆነውበታል፣ ዙለይኻ። አይለየውም።”

ቤርሳቤህ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳለ፣ የተጎዳ አንጎል የጎደለበትን ራሱ የማያውቅበት ጊዜ እንደሚኖር ቀስ ብላ አስረዳቻት። ዙለይኻ አንገቷን ነቀነቀች። መረዳቱ ተረድታዋለች። አራቱም ፀሐዩ እስኪያዘቅዝቅ ተቀመጡና አብዶ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ወጣ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዙለይኻ ወንበሯን ከበሩ አንስታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠች። ምን እንደምትል ግራ ገባት፤ ከባሏ ጋር መነጋገር እንደ አዲስ ሙሽራ አሳፈራት። “የሀሚዳ ፍየል ተገኘች” አለች። “አጥር ጥሳ ጫት ስትበላ ነው የያዟት።” ሑዘይፋ ዞሮ አያት። በማይገባት ቋንቋ ረጅም ነገር መለሰላት። ስለ ፍየሏ ይሁን ስለ ሌላ አላወቀችም። “እንዴታ” አለችው።

ወራት እንዲህ አለፉ። አብዶ መንገዱ ሲመቸው ይመጣል፤ መንገዱ ብዙ ጊዜ አይመችም። ጥቂት ቃል ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር፤ ስትናገራቸው ሑዘይፋ ግራ ተጋብቶ ስለሚያያት ተወችው። ከአማርኛው አንዳንድ ብቅ ያለ አለ። “ሻይ” ይላል፤ “በሩን” ይላል። አንድ ቀን የሱቁን መዘጋት ያልሰማች ሴት ሽርጥ አለ ወይ ብላ ቤት ስትገባ ዋጋውን ጥርት ባለ አማርኛ ነገራትና ተመልሶ ጠፋበት። ቤርሳቤህ ስለ እሱ ለተማሪዎቿ ልትነግር ፈቃድ ጠይቃ ነበር፤ “ንገሪያቸው፣ ደግ ባል ነበር ብለሽ ጨምሪ” አለቻት ዙለይኻ። ከዚያ በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ቤርሳቤህ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፤ የኋላው ክፍል ተከራይ ሳያገኝ ቆየ።

አሁን በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ከቤቱ ውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዷ በአማርኛና በኦሮምኛ እያደባለቀች ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቿ ታወራለች። ሌላው በተራው፣ ስትጨርስ ጠብቆ፣ በሌላ አፍ ይመልሳል። ሀሚዳ እንኳ ስታልፍ “እነዚህ ሰዎች ጨዋታ አይሰለቻቸውም” ትላለች።

ሱመያ ከጂግጂጋ ስትደውል የአባቷ ድምፅ ከጀርባ ይሰማታል።

“አባ ምን እያለ ነው?” ትላለች።

ዙለይኻ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ ታዞራለች። “አላወቅኩም ልጄ” ትላታለች፤ “ቆዪ፣ እያወራኝ ነው፤ ይጨርስና እደውልልሻለሁ።”