የቆመች ለምትሄደው

መለዋወጫ ሻጩ ጎተራ እንደሚለው፣ ካርቡራተሩ የወጣው ተጋጭታ ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠች መኪና ላይ ነው። ሜካኒኩ «ዶክተሩ» እንደሚለው ደግሞ የአባቴ መኪና ጋራዥ ስትገባ ጭራሽ ካርቡራተር አልነበራትም። ሁለቱንም በየተራ አዳመጥኳቸው። ሁለቱም ሲናገሩ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ችግሩ ዕቃው እጄ ላይ ነበር፤ ጎኑም ላይ ሁለት ሰረዝና አንድ ነጥብ በምስማር ተጭሮበታል።

ያን ምልክት አውቀዋለሁ። አባቴ ከመኪናው ላይ የፈታውን ማንኛውንም ዕቃ ሳይጭርበት መሬት አያስቀምጥም ነበር። ልማዱ ኩሽናም ገብቶ የድስት ክዳኖቻችን ሁሉ ተጭረዋል። እናቴ «እኔን የተውከኝ ምስማሩ ስለሚያመኝ ነው አይደል?» ትለው ነበር።

እሱ ሲያርፍ መኪናዋ ለእኔ ደረሰች። ከዚያ በፊት በስሜ ብስክሌት እንኳ ኖሮኝ አያውቅም። መኪናዋ የአባቴ ጓደኛ የሆነው ሜካኒክ ጋራዥ ውስጥ ቆማ አቧራ ስትጠጣ ነበር። የካቻቪቱን እጀታ ጆሮው ላይ ደግኖ ሞተር ስለሚያዳምጥ ሁሉም «ዶክተሩ» ይሉታል። እናቴ በበኩሏ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ታላቅ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ሊመጣ ስለሆነ ግቢው ይፈለጋል።

«በሞተሯ ከመጣች በሩን እኔው እከፍትላታለሁ» አለችኝ። «እንደ ሬሳ ተጎትታ ከመጣች ግን ብረት ገዢው በር ላይ ነው የሚቀበላት። በቁሟ የሞተች መኪና እያየሁ እሱን ሁለተኛ አልቀብርም።»

ዶክተሩ የጎደሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው አለኝ፤ ካርቡራተርና የቤንዚን ፓምፕ። «አሮጌ መኪና የያዘ ጎማ ሳይሆን ጫማ ነው የሚጨርሰው» ብሎም መርቆ ሸኘኝ።

ጫማዬን ጨረስኩ። አንዱ መለዋወጫ ሻጭ «ይህንንማ ሙዚየም ጠይቅ» ብሎ ባልደረቦቹን አሳቀብኝ። ሌላው የሚመስል እንጂ የማይገጥም ዕቃ አስታቅፎኝ ስመልስለት መልኬን ረሳው። መንገዱን ያቀናችልኝ አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። የእሷም ነጭ መኪና እዚያው ጋራዥ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ሞዴሏ ከእኔዋ ጋር አንድ ነው። በመጣች ቁጥር የፊት መስታወቱን በሻርፗ ትጠርግና «ዕቃው ተገኘ?» ብላ ትጠይቃለች። የጎተራን ሱቅ የጠቆመችኝ እሷ ናት።

«የሌለው ነገር የለም ይሉታል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እኔን አልቀናኝም፤ ለአንተ ይቅናህ ልጄ።»

ቀናኝ። ጎተራ ካርቡራተሩን ከመደርደሪያ ሥር ጎትቶ በጨርቅ ሲወለውልልኝ ምልክቱ ብቅ አለ።

ሰውን ሌባ ከማለቴ በፊት መጠየቅ ይሻላል ብዬ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። አባቴ ዶክተሩን ወንድሜ ይለው ነበር። ቢያንስ ጥያቄዬን ረጋ ብዬ ማቅረብ አለብኝ።

«ጋሼ፣ ይህ የአባቴ ጭረት አይደለም?»

ዶክተሩ ዕቃውን ተቀበለኝ፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ከዚያ ሳቀ። መሳቁ ነው ያንገበገበኝ።

«አይ ያ ሰውዬ! ሞቶም ዕቃውን ይጠብቃል።»

«ስትገባ አልነበራትም ብለውኝ ነበር።»

«ስማኝ ልጄ። አንድ ደንበኛ መኪናው መንገድ ላይ ቆመችበት። ቸኩሏል። የአባትህ መኪና ደግሞ የትም አትሄድም። የቆመች ለምትሄደው ታበድራለች፤ ጋራዥ የሚኖረው በዚህ ነው። ሊመልስ ነበር፤ ተጋጨና መኪናውን ከነብድሩ ሸጠው። እኔ ምን ላድርግ?»

ጎተራ አልዋሸም ማለት ነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ስዞር ለምን አልነገሩኝም?»

«ሌላ ታገኛለህ ብዬ ነዋ። ብነግርህ ትናደዳለህ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተናደድክ፤ ተገላገልን።»

የራሴን ዕቃ ፍለጋ በር ለበር ልኮኝ፣ የተሳለቁብኝን ሁሉ እየመጣሁ ስነግረው አብሮኝ ከንፈሩን ሲመጥ የነበረ ሰው ነው።

«የቤንዚን ፓምፑስ?»

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። «እሱም... ወጥቷል። ግን አታስብ። ዛሬ በሞተሯ ቤትህ ትገባለች። ለአባትህ ስል አደርገዋለሁ።»

መፍቻውን አንስቶ ወደ ጥጉ ሄደ። የነጯን መኪና ኮፈን ከፈተ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ፓምፑ በቦታው አለ።

«የሰው መኪና እኮ ነው!»

«እህትማማቾች ናቸው፤ አይጣሉም። ለእትዬ ሌላ እንፈልግላታለን። የቆመች ናት ስልህ!»

ውሸት አይጠቅመኝምና ልናገር፣ ለአፍታ በዓይነ ህሊናዬ ያየሁት የእናቴን እጅ ነበር፤ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ስትስብ። የአባቴ መኪና ጡሩምባዋን እየነፋች ስትገባም ሰማሁ። አንድ ፓምፕ ነው። ጥቂት ቡሎኖች ናቸው። ማንም አያውቅም፤ አባቴ የጫረው ምልክት እዚያኛዋ ላይ የለም።

በዚህ መሀል ነርሷ ሻርፗን ከአንገቷ እየፈታች በበሩ ገባች። ዶክተሩ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«እትዬ! አሁን ስምሽን ስናነሳ ነበር። ዕቃ እየፈለግንልሽ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ» አለችው፤ መስታወቷን መጥረግም ጀመረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የአንተስ፣ ልጄ? ተሳካልህ?»

ዶክተሩ ከጀርባዋ ሆኖ መፍቻውን ይዞ አየኝ። ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«አልተሳካልኝም፣ እትዬ» አልኳት፤ እሱም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «መኪናዬ ዛሬ በገመድ ተጎትታ ቤቷ ትገባለች፤ እናቴን በሩ ላይ ቆሜ እለምናታለሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን ይህን ኮፈን አብረን እንከፍታለን፤ ከእርስዎ መኪና ላይ ጋሼ ምን ምን እንዳበደሩ ዕቃ በዕቃ እናያለን።»