ሾፌሩ ለብቻቸው

አስተማሪዋ ያን ሰሞን ከቁጥር በቀር የምታስበው አልነበራትም። የምትመኘው አየር መንገድ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዓት ያልበረረን ሰው ማመልከቻ ገልጦ አያይም፤ እሷ ደግሞ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ላይ ናት። ሰዓቱን የምታጠራቅመው በአንዲት ባለሁለት ወንበር አውሮፕላን ጀማሪዎችን እያስተማረች ነው። ተማሪው አጠገቧ ተቀምጦ ሲበር ሰዓቱ ለሁለቱም ይቆጠራል። ለብቻው መብረር ሲጀምር ግን ሰዓቱ የእሱ ብቻ ነው፤ የእሷ ድርሻ መሬት ላይ ቆሞ ማንጋጠጥ ይሆናል።

አብሯት የተመረቀው ጓደኛዋ ረዳት አብራሪ ሆኖ ከተቀጠረ መንፈቅ አልፎታል። እናቷ በደወለች ቁጥር፣ "አንቺ ልጅ፣ እስካሁን ከዚያች ፌንጣ አልወረድሽም?" ትላታለች። ምሳዋን እንኳ ተረጋግታ አትበላም፤ ሁለት ጎርሳ ትነሳና በመስኮት የነፋስ ጠቋሚውን ጨርቅ ታያለች። ነፋስ ከበረታ በረራ ይሰረዛል፣ ሰዓትም ይቀራል።

ከተማሪዎቿ ሁሉ ጎበዙ በዕድሜ አንጋፋው ነበሩ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው። ሜዳው ላይ ሁሉም "ሾፌሩ" ይሏቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን መሪውን አንቀው ይይዙት ነበር።

"አባባ፣ እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ይያዙት" ስትላቸው፣

"እኔ የለመድኩት ስልሳ ሰው መጫን ነው፤ እንቁላሉን እለምዳለሁ" ብለው አሳቋት።

በአሥራ ስምንተኛው ሰዓታቸው ጎማው ማኮብኮቢያውን ሲነካ ድምፁ አይሰማም ነበር።

ለብቻቸው የሚለቀቁበት ጊዜ ደረሰ፤ እሷ ግን አለቀቀቻቸውም። አንድ ቀን "የጎን ነፋስ ይቀረናል" አለች። በሳምንቱ "ሬዲዮ ላይ ይቸኩላሉ" አለች። ሰበብ መቼ ይጠፋል! ሃያ አራት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሦስት ሰዓት ሆነ። የበረራ መዝገቡ ላይ ስትፈርም እጇ ይከብዳታል፤ ቢሆንም ትፈርማለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተነስተው ሦስት ጊዜ እንከን ሳይገኝባቸው አረፉ። ሞተሩ እየሠራ ሾፌሩ ወደ እሷ ዞሩ።

"ልጄ፣ ስንት ይቀርሻል?"

"ምኑ?"

"ሰዓቱ ነዋ። እኔም እኮ መንጃ ፈቃድ ኪሴ ውስጥ እያለ አራት ዓመት ሻንጣ ሲያስጭነኝ የኖረ አለቃ ነበረኝ። ነገሩን አውቀዋለሁ።"

ልትዋሽ አሰበች፤ አልሆነላትም።

"ዘጠና ሰባት" አለች።

"ዘጠና ሰባቱንም በእኔ ላይ ልትጨርሺው ነው?" ቢቆጡ በተሻላት ነበር፤ አልተቆጡም። "በሚመጣው ወር የጤና ፈቃዴ ማደሻ ይደርሳል። ሐኪሙ አንዱ ዓይንዎ እየደከመ ነው ብሎኛል። እስከዚያ ግን ፈቃዴ በእጄ ነው።"

ቀበቶዋን ፈታች፣ በሩን ከፈተች።

"ነፋሱ ከግራ ነው። አንድ ዙር ብቻ፣ አባባ" አለችና ወረደች።

አውሮፕላኗ የእሷ ክብደት ሲቀንስላት እንደ ወፍ ብድግ አለች። አስተማሪዋ የእጅ ሬዲዮዋን ጨብጣ ሣሩ ላይ ተንጎራደደች። ሾፌሩ ለማረፍ ሲመጡ ከፍ ብለው መጡ። "ይተዉት፣ ይተዉት" አለች ለራሷ። ሬዲዮውን ሳትነካው ሞተሩ አጓራ፤ ራሳቸው ማረፉን ትተው እንደገና ወጡ። በሁለተኛው ሙከራ አንዴ ነጥረው አረፉ።

"ነጠርኩ" አሉ ሲወርዱ።

"ነጥረዋል" አለች፤ እንባዋ መጣባት። "ሁለት ወር ሙሉ አጉላላሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ብያለሁ፤ በሌሎቹ ላይ አትድገሚው ብቻ።"

ፈቃዳቸው እስኪያበቃ አራት ጊዜ ለብቻቸው በረሩ። ከዚያ ዓይናቸው ምርመራውን አላለፈም።

እሷም ከዚያ ወዲህ ለብቻው ለመብረር የበቃ ተማሪ ይዛ አላቆየችም። ሰዓቱ ቀነሰባት፤ እሑድ እሑድ የነዳጅ ቧንቧ መስመር ከአየር እየቃኘች ሞላችው። ዘጠና ሰባቷ ሰባት ወር ፈጀች። ማመልከቻዋን ያስገባች ዕለት መጀመሪያ የደወለችው ለሾፌሩ ነበር፤ አላነሱም። ከሰዓት በኋላ መልሰው ሲደውሉ እሷ አየር ላይ ነበረች።