ከካርታው ያለፈ ክፍል

"በደንብ አጥብቀህ ያዘው፤ ጫፉ እየሸሸ ነው።"

መጽሐፍ ጠራዧ የኋለኛው ክፍል ወለል ላይ ተንበርክካ ሜትሩን ትጎትታለች። ባሏ ማዶ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ጫፉን በአውራ ጣቱ ተጭኗል። ሲለኩ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። አራት ሜትር ከዐሥር። ጉልበቷ አጠገብ የዘረጋችው የካርታ ቅጂ ደግሞ ይህንኑ ክፍል ሁለት ሜትር ከአርባ ይለዋል።

"ጋሼ፣ ይኼ ክፍል አድጓል እንዴ?" አለች ቀና ብላ።

ሻጩ በሩ ላይ ቆመዋል። ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናቸው። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቶቹን፣ የውሃ ታንከሩን ሳይቀር እየነካኩ ያሳዩት ሰውዬ እዚህ ክፍል ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ተይዟል።

"የድሮ ለኪዎች ናቸው" አሉ። "ያኔ በዓይን ግምት ነበር የሚሠሩት።"

"ሌላውን ክፍል ሁሉ ልክክ አድርገው ለክተው፣ እዚህ ሲደርሱ ዓይናቸው ፈዘዘ?"

ባሏ ሳል አለ። የሳሉ ትርጉም "በቃሽ" ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱን "ሚሊሜትር" ብሎ የሚጠራትም እሱ ነው። ስሙን ያወጣላት በከንቱ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ስትጠርዝ የኖረች ሴት ናት። ከሌሎቹ በጥቂቱ ያለፈች ወረቀት ካለች ዓይኗ ሳያይ እጇ ያገኛታል፤ ካገኘቻት ደግሞ ማን እንዳስገባት ሳታውቅ አታድርም።

ክፍሉን ግን ወዳዋለች። ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም፤ ከማዶው ግድግዳ አጠገብ በጎን በኩል ባለው ሰፊ መስኮት ግን ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይፈስበታል። መጭመቂያው እዚህ ጥግ፣ መስፊያው መስኮቱ ሥር፣ የሙጫው ጠረጴዛ መሐል ላይ። በሐሳቧ የጥረዛ ዕቃዋን አስገብታ ከጨረሰች ሳምንት አልፏታል። የነሱ ጠባብ አፓርታማ ተሽጧል፤ እስከ ወር መጨረሻ ለቀው ይወጣሉ። የዚህ ቤት ውል የሚፈረመው ሐሙስ ነው።

"ቤት አንሶ ቢገኝ መጨቃጨቅ ያለ ነው" አላት ባሏ ከግቢው እንደ ወጡ። "ተርፎ ሲገኝ ግን ዝም ነው የሚባለው።"

"የተረፈው ከየት እንደ መጣ ማወቅ አትፈልግም?"

"አልፈልግም።"

"እኔ ግን ይኸው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞብኛል።"

በማግሥቱ ጠዋት ጥያቄዎቿን በደብተር ጽፋ ወደ አክስቷ ልጅ ቢሮ ሄደች። ጠበቃ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠባይዋን ስለሚያውቅ ደብተሩን ሲያይ ስልኩን አጠፋ።

"ቤቱ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ከመዝገብ ቤቱ በጽሑፍ አምጥተሻል?"

"አምጥቻለሁ። የሻጩ ሚስት ግን ሞታለች። የሷ ድርሻስ?"

"የወራሽነት ማስረጃቸውን አይቻለሁ፤ ከሳቸው ሌላ ወራሽ የለም። ቀጥዪ።"

"የስም ማዛወሪያውን ማን ይከፍላል? ታንከሩና የመታጠቢያው ማሞቂያስ ከቤቱ ጋር ይሸጣሉ?"

"ውሉ ላይ ካልሰፈረ ልትካሰሱበት ነው። ዓይንሽ ያረፈበትን ሁሉ በስሙ አስጽፊ።"

ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበበችለት። ጠበቃው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ቅጂውን መስኮት አጠገብ ወስዶ አየው።

"አንድ ሜትር ከሰባ ዝም ብሎ አይበቅልም" አለ። "ግድግዳው ድንበር አልፎ ጎረቤት ግቢ ገብቷል። ጎረቤቱ ለዓመታት ዝም ካለ የመከራከሪያ መንገድ አይጠፋም። አንቺም ሳታውቂ ብትገዢ ቅን ልቦና ያላት ገዢ ትባያለሽ፤ ሕጉም ያግዝሻል። አሁን ግን ጠየቅሽኝ።"

"ብጠይቅ ምን አለበት?"

"ከዛሬ ጀምሮ አላወቅኩም ማለት አትችዪማ! ባትለኪው ይሻልሽ ነበር።"

ነገሩ እያሳቃትም እየከነከናትም ወጣች። ሰው በማወቁ ሲጎዳ፣ ባለማወቁ ደግሞ ሲጠቀም ማየት ለሷ አዲስ ነገር ነው። እግሯ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ማምራት ሲገባው ከሚገዙት ቤት ኋላ ወዳለው የጎረቤት ግቢ ወሰዳት፤ በሩን አንኳኳች።

የከፈቱላት ሴትዮ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ወጥ ቤት አስገቧት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፤ ውጭው ፀሐይ ነው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን አምፖል በርቷል። ጠራዧ በመስኮቱ አሻግራ አየች። ክንድ ተዘርግቶ በሚነካ ርቀት ላይ ግድግዳ ቆሟል። ትናንት በወዲያኛው ወገን ሆና የለካችው ግድግዳ!

"አዲሷ ጎረቤቴ አንቺ ነሽ?" አሏት ወንበር እየሳቡላት።

"ከተሳካ እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ ግድግዳ መቼ ነው እዚህ የደረሰው?"

ሴትዮዋ ሳቅ አሉ። "በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ከዚያ ነገሯት። የሻጩ ሚስት ሰውነቷ አልታዘዝ ብሏት ተኝታ ነበር። ሐኪም ያዘዘላት አልጋ ሰፊ ሆነና፣ አልጋው ከገባ አስታማሚዋ መቆሚያ አጣች። ሻጩ አንድ ቀን ጠዋት መጥተው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "እስክትነሣልኝ ድረስ ግድግዳዬን ወደ አንቺ ላስጠጋ?" አሉ። አዋላጇም "ውሰድ" አሏቸው። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ።

"እሷ ግን አልተነሣችም" አሉ አዋላጇ። "ከሞተች አራት ዓመቷ። እሱም ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ታዲያ እንዴት ብዬ ልጠይቀው? የሚስትህን ክፍል አፍርስልኝ ልበለው?"

"መሬቱን ይፈልጉታል?"

"መሬቱ ምን ያደርግልኛል፤ ጎመን አልተክልበት። ብርሃኔን ግን አልፈልገውም ብልሽ ውሸቴን ነው። በቀትር አምፖል እያበራሁ ሽንኩርት መክተፍ መሮኛል።" እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉ። "አንቺ ግን ልጄ፣ በዚህ ምክንያት ቤቱ እንዳይቀርብሽ። የነገርኩሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።"

ባሏን ያገኘችው የሥራ ቦታው ነው፤ ምሳውን በልቶ ሽቦ ጥቅልል ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም ዘረገፈችለት።

"ክፍሉ ከሄደ መጭመቂያሽን ራስጌዬ ልትተክዪው ነው?"

"ሁለት ሜትር ከአርባው ይቀራልኮ።"

"እዚያ ውስጥ አንቺና ሙጫሽ ብትገቡ ወረቀቱ ውጭ ይቀራል።" ሊስቅ ጀመረና ተወው። "ቆይ፣ በቀን ነው መብራት የምታበራው ያልሽኝ?"

"በቀን። ዐሥራ አንድ ዓመት።"

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሽቦውን ቁራጭ ጣቱ ላይ እየጠቀለለ አንገቱን ደፋ። ተዪው አላላትም፤ አድርጊውም አላላትም። ይህ ከክርክሩ ይልቅ ከበዳት።

ሐሙስ ጠዋት የውል ማዋዋያው አዳራሽ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ሻጩ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሰነዳቸውን በፕላስቲክ ከተው ቀድመዋቸው ተቀምጠዋል። ጠራዧ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ትናንት ጎረቤትዎ ጋ ገብቼ ነበር።"

ፕላስቲኩ እጃቸው ላይ ተንኮሻኮሸ። "ነገረችሽ?"

"ስለጠየቅኳቸው።"

"እኔ የሸጥኩልሽ ካርታው ላይ ያለውን ነው" አሉ ፈጥነው። ወዲያው ግን ድምፃቸው ወረደ። "ዋሽቼሻለሁ። ስለ ለኪዎቹ ያልኩት ውሸት ነው። በየዓመቱ ዘንድሮ አፈርሰዋለሁ እላለሁ። ሠራተኛ ጠርቼ በሩ ላይ ስደርስ ግን… አልጋዋ የነበረበት ምልክት አሁንም ወለሉ ላይ አለ። በእኔ እጅ አልሆነም፤ የገዛው ሰው ያድርገው ብዬ ነው የሸጥኩት። ለጎረቤቴም የምናገርበት አፍ አጣሁ።"

ጠራዧ ስትለካ ወለሉ ላይ ያየቻቸውን አራት ክብ ምልክቶች የዕቃ ነው ብላ ንቃቸው ነበር። ይህን ሁሉ ስትጠይቅ ይህን ሳትጠይቅ መቅረቷ ገረማት።

ስማቸው ተጠራ። ውል አዋዋይዋ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሣ ረቂቁን በፍጥነት አነበበችላቸው። ታንከሩ አለ፤ ማሞቂያው አለ፤ የስም ማዛወሪያው ክፍያም አለ። "ገዢ ቤቱን አሁን ባለበት ይዞታ አይተው ወደው ገዝተዋል" ስትል ጠራዧ ጣቷን አነሣች።

"እሱ ጋ ይቁሙልኝ። ‘አሁን ባለበት’ የሚለው ወጥቶ ‘በካርታው ላይ በሰፈረው ልክ’ ይባልልኝ። የኋለኛው ግድግዳ በሦስት ወር ውስጥ በገዢ ወጪ ወደ ድንበሩ እንደሚመለስም ይጨመር።"

አዋዋይዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። "በገዢ ወጪ? ሻጩ አይደሉም ማፍረስ ያለባቸው?"

"እሳቸው አይችሉም። እኔ አደርገዋለሁ።"

ሻጩ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

"እኔ ግድ የለኝም" አለች አዋዋይዋ። "ግን ረቂቁ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ ወረፋችሁም ከኋላ ይጀምራል። ዛሬ ላይደርሳችሁ ይችላል። ወይስ እንዳለ ትፈርሚና ግድግዳውን በኋላ በራስሽ ጊዜ ታፈርሺዋለሽ?"

ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። ጠራዧ ባሏን አየችው። እሱ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ እሷን። "በኋላ ከሆነማ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ያንን መስኮት ለምደሽው ግድግዳውን አታፈርሺውም።"

ብዕሩን ከድና ለአዋዋይዋ መለሰችላት። ተነሥታም የወረፋ ቁጥር ለመውሰድ ወደ በሩ ሄደች።