የግራ እጅ ቋጠሮ

"ይሄን ማን አመጣው?" አለች አገርነሽ፣ የጎረሰችውን ከአፏ አውጥታ ወደ መዳፏ እየመለሰች።

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሹክሹክታቸውን አቆሙ። ሐዘን ቤት እሳት አይነድምና ምሳ የሚያቀርበው ጎረቤት ነው። የዛሬው ተራ የትርፌ ነበር። ጎደሬ ቀቅላ፣ ጎመን ሠርታ፣ አንድ ጠርሙስ የበርበሬ ዳጣ ጨምራ መጥታለች።

"ምነው እማማ፣ የራስዎ ዳጣ እኮ ነው" አለች ትርፌ ደንግጣ። "ትናንት ሻንቶ ገበያ ገዛሁት። ቋጠሮውን አይቼ ነው።"

"የራሴ? ለማ ታሞ ከተኛ ወዲህ በርበሬ የሚባል ነክቼ አላውቅም። ደግሞስ ዝንጅብል የሌለው ዳጣ ከኔ ቤት ወጥቶ ያውቃል? ይሄ በርበሬ የታጠበበት ውሃ ነው!"

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዞረችው። ክዳኑ በኮባ ተሸፍኗል፣ አንገቱ በቃጫ ታስሯል፣ ቋጠሮው ወደ ግራ አጎንብሷል። ልክ ባሏ ለማ እንደሚያስረው። ያንገበገባት ዳጣው አልነበረም። ባሏ አፈር ከገባ ሳምንት አልሞላውም፤ ቋጠሮው ግን ያለ እሱ ገበያ ውሎ ይመጣል።

ከማዶ፣ ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል፣ ደገፉ ዓይኑን በመሀረብ ይጠርጋል። ለማ በልጅነቱ አምጥቶ ሥራ ያስተማረው ሰው ነው። አሁን ሻንቶ ላይ የራሱን የዳጣ ሱቅ ከፍቷል። ከቀብሩ ጀምሮ ከድንኳኑ አልተለየም፤ ሲያለቅስም ከሥጋ ዘመድ በላይ ይሰማል።

ልቅሶውንም ከኛ ወስዶታል፣ አለች በሆዷ።

ያ ቋጠሮ ለጌጥ ተብሎ የመጣ አልነበረም። ለማ በቢጠና ከተማ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የወፍጮው ቀበቶ ቀኝ እጁን ጎትቶ ጣቶቹን አስቀረበት። ቤት ገብቶ ግድግዳ እያየ ተቀመጠ። ሰው ሲመጣ ክንዱን ጋቢው ውስጥ ይደብቃል። አገርነሽ ያኔ ዳጣ እየፈጨች በማርማላታ ጠርሙስ ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። አንድ ጠዋት ትዕግሥቷ አለቀና ጠርሙሱንና ቃጫውን ጭኑ ላይ ጣለችለት።

"የተቆረጠው ቀኝህ ነው። ግራህ ምን ሆንኩ ይላል? እሰር!"

የቃጫውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ በግራው አዞረ። ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ። ሲጨርስ ቋጠሮው ተወላግዶ ነበር።

"የሰካራም ቆብ" አለችው።

ሳቀ። ከአደጋው በኋላ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ እሷ ትፈጫለች፣ እሱ ያስራል። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩ፣ የሚሸጡለትም ገበያተኛ አልቆጠረ። ሁሉም "ያጎነበሰውን ስጡኝ" እያለ ይገዛል። የለማ ስም እዚያ ቃጫ ላይ ተጻፈ።

ምሳው ሲነሳ የእህቷ ልጅ አብርሃም መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው።

"አክስቴ፣ ጊዜ የለንም" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደገፉ ቋጠሮውን በስሙ የንግድ ምልክት አድርጎ ሊያስመዘግብ ነው። አዲስ አበባ ሰው ልኮ አስጠይቋል። ከቀደመን በገዛ ቋጠሯችን እኛው ተከሳሽ እንሆናለን።"

"ዳጣዬንም ሊወስድ?"

"ዳጣ የወላይታ ሁሉ ነው፣ ማንም የኔ አይለውም። ምልክቱን ነው።"

"ታዲያ ሂድና አስመዝግብ! እዚህ ተጎልተህ ምን ትሠራለህ?"

"ሰኞ እሄዳለሁ። ግን ማመልከቻው ጋዜጣ ላይ ይወጣና ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ይባላል። ደገፉ 'ቋጠሮውን ያመጣሁት እኔ ነኝ' ብሎ ቢቀርብ ምስክር ያስፈልገናል። ሰዉ ደግሞ ለሱ ይሉኝታ አለው።"

አገርነሽ ድንኳኑን ዞር ብላ አየችው። የእድሩ ሰው ሞልቶ ተቀምጧል። ነጠላዋን አጥብቃ ተነሳች።

"ደገፉ!"

ሰውየው መሀረቡን አወረደ።

"የሟችን ሥራ ቆሞ መናገር የወዳጅ ደንብ ነው። ሁሉም ተናግሯል፣ አንተ ብቻ ታለቅሳለህ። እንባህን ጠገብነው። እስቲ አፍህን እንስማ።"

ደገፉ ግራ ቀኙን አየና ቆመ። በሟች ድንኳን የዋሸን ሰው፣ ቀኑ ሲደርስ እድሩ አይቀብረውም ይባላል።

"ጋሽ ለማ... አባቴ ነበር። ሥራ አስተማረኝ።"

"ምን አስተማረህ?"

"ማሰር።"

"እሱ በምን እጁ ነበር የሚያስረው?"

"በግራው። ጫፉን በጥርሱ ይዞ።"

"ለምን በግራው?"

"ቀኙን ወፍጮ ስለበላው።"

"አንተ ቤቴ ስትመጣ ቋጠሮው ነበረ ወይስ አልነበረም?"

ደገፉ መሬት መሬት አየ። የእድሩ ዳኛ ገብረማርያም "ተናገር እንጂ ልጄ" አሉት።

"ነበረ" አለ ደገፉ። "ሲያስር እያየሁ ነው ያደግሁት። ሲደክመው ጠርሙሱን እኔ እይዝለት ነበር።" ይህን ሲል እንባው መጣ። መሀረቡ በእጁ እያለ አልጠረገውም።

"ሰማችሁ?" አለች አገርነሽ።

"ሰማን" አሉ ገብረማርያም። "ለጠየቀን ሁሉ እንናገራለን።"

አብርሃም ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "አንድ ነገር ቀረ፣ አክስቴ። ምልክቱ ተስሎ ነው የሚገባው። ለሰዓሊው የማሳየው ቋጠሮ እፈልጋለሁ።"

ለማ ያሰረው አንድም አልተረፈም። ሕመሙ ሲረዝምበት የነበረው ሁሉ ተሽጦ አልቋል። ቤቱ ውስጥ ያለው ቋጠሮ ትርፌ ያመጣችው፣ ደገፉ ያሰረው ብቻ ነው።

ደገፉ አሁንም እንደቆመ ነው። "እትዬ፣ እኔ ልሰርልዎት" አለ።

"ሁለት እጅ ላለው ሰው እንዲህ አይታሰርለትም" አለችው። ድምፏ ላይ ቁጣ አልነበረም።

የትርፌን ጠርሙስ ጭኗ ላይ አድርጋ ቃጫውን ፈታች። ከዚያ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ሴቶቹ ሊያግዟት ተንጠራሩ፤ በክርኗ መለሰቻቸው። የቃጫውን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ በግራ እጇ ማዞር ጀመረች።