ማሩ ይሙት

«በሞቴ! ይቺን ብቻ፤ አንዲት ጉርሻ» አለች ረሂማ፣ የጠቀለለችውን እንጀራ ከብርሃኔ አፍ አስጠግታ።

ብርሃኔ ፊቷን አዞረች። ባሏን ማሩን ከቀበረች ወዲህ ከውሃ በቀር አፏ የገባ ነገር የለም። የቅሬው፣ የዕድሩ፣ ሴቶች እዝን ይዘው እየመጡ በየተራ ለምነው አቅቷቸዋል። አሁን ተራው የጎረቤቷ የረሂማ ነው፤ ረሂማ ደግሞ እምቢታ የሚገባት ሴት አይደለችም።

«እንግዲያስ ልድያ ትሙት! ልጅሽ ትሙት ብይልኝ!»

ብርሃኔ ጮኸች። የለቅሶ ጩኸት አልነበረም፤ ለቅሶ ዜማ አለው፣ ተቀባይ አለው። ይኼ እባብ የረገጠ ሰው ጩኸት ነበር። ጉርሻውን ከረሂማ እጅ መትታ ጣለችና መዳፏን በረሂማ አፍ ላይ ጫነችው።

«በሷ አትማዪ! በልጄ አትማዪ!»

በለቅሶው ዳስ ውስጥ ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሽማግሌዎች እጃቸውን ሰፌዱ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ረሂማ የወደቀውን ጉርሻ ከአፈር ላይ አነሳች። ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

እንዴትስ ይግባት? በዚህ አገር ሰው የሚወደውን ሳይገድል የዋለበት ቀን የለም። ጠዋት «እናቴ ትሙት» ብሎ ይነሳል፣ መርሳ ገበያ «ልጆቼ ይሙቱ» እያለ ፍየል ይሸጣል፣ ማታ «በሞቴ» እያለ ያጎርሳል። ማንም አይሞትም። በሚጠላው ሰው ስም የሚምል የለምና ነገሩ ከእርግማን ይልቅ ለፍቅር ይቀርባል። ብርሃኔም እንደ ሰው ሁሉ ስትምል ኖራለች፤ የምትምለውም በማሩ ነበር።

የማይምለው ማሩ ብቻ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥሮ፣ በኋላ ሲሪንቃ በቀን ሥራ ባገኛት ገንዘብ ወልድያ ሄዶ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛ። ሴት ልጁን እንኳ እዚያው ውስጥ ባገኛት ሴት ስም ልድያ አላት። ቅዳሴ ሳያስታጉል፣ ጾም ሳይሽር፣ ያነበብኩትን ልኑረው ስላለ ብቻ «ማሩ ጴንጤ ሆኗል» ተባለ። ሲሰማ ይስቃል። «ጌታ አትማሉ ያለው ለጴንጤ ብቻ ነው እንዴ?» ይላል። ላም ሊሸጥ ወጥቶ ገዢው «ደህና እንደምትታለብ ማልልኝ» ሲለው ላሚቱን እየነዳ ይመለሳል። ያን ቀን ብርሃኔ እራቱን ያለ ወጥ ታቀርብለታለች።

«መሐላ ነው እኮ» አለች ከዳሱ ማዶ አንዲት አሮጊት፣ ያንሾካሾከች መስሏት። «ያቺ የዋንዛዋ መሐላ ናት።»

ብርሃኔ ሰማች። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች።

ልድያ መደቡ ላይ በአባቷ ጋቢ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። ከማለዳ ጀምሮ ብርድ ብርድ ሲላት ቆይቶ አሁን በትኩሳት ነዳለች። ማሩንም የጀመረው እንዲሁ ነበር። ብርሃኔ የልጅቱን ግንባር ዳስሳ አጠገቧ ተቀመጠች። የማለችው በሁለት ሰው ነበር። አንዱ ሄዷል።

ነገሩ ከጎርፉ በኋላ የመጣ ነው። ከመሬት ሽግሽጉ ወዲህ በዚህ ሰፈር ስንዝር መሬት እንደ ልጅ ነው የሚታየው። አምና ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከማሩና ከሀብቴ ማሳ መካከል ያለውን የወሰን ድንጋይ ይዞት ሄደ። ሁለቱ ማሳዎች በሚገናኙበት አንድ የዋንዛ ዛፍ አለ። ሀብቴ «ዋንዛው የኔ ነው፤ ድንጋዩ ከዋንዛው በእናንተ በኩል ነበር» አለ። ብርሃኔ «የለም፣ የኛ ነው» አለች። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አያ በላይ ማሩን «ማልና ውሰድ» አሉት።

«አልምልም፣ አያ በላይ። ጎርፉ መሬቱን ገልብጦታል፤ ድንጋዩ የቱ ላይ እንደነበር አላውቅም። ባውቀውም አዎን ወይም አይደለም እላችኋለሁ እንጂ አልምልም። ከዚያ ያለፈው ከክፉው ነው።»

«ያልማለ ተረቺ ነው። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለና ተነስቶ ሄደ።

ብርሃኔ እፍረቱ ፊቷን ለበለባት። የገዛ ማሳውን ወሰን አላውቅም የሚል ወንድ! እሷ ግን ታውቀው ነበር። ምሳውን ይዛ በመጣች ቁጥር የምትቀመጠው እዚያ ድንጋይ ላይ ነበር። ፀሐይ እየጠበሳት፣ ማዶ ያለው የዋንዛው ጥላ የሀብቴ በመሆኑ ሲቆጫት ኖራለች። እንግዲህ ያ ቁጭት ይሆናል ያስነሳት። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመችና «ማሩ ይሙት! ልጄ ልድያ ትሙት! ድንጋዩ ከዋንዛው በሀብቴ በኩል ነበር!» አለች። ሀብቴ አልተከራከረም። ቆቡን አውልቆ ወደ ሰማይ አየና «እግዜር ይፍረደው» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደጇን ረግጦ አያውቅም።

ረሂማ ቀስ ብላ ገባች። ከኋላዋ በበሩ በኩል ዳሱ ይታያል፤ አንድ ረዥም ሰው ጎንበስ ብሎ ሲገባ ሰዉ ቦታ ለቀቀለት። ሀብቴ ነበር። ለሣልስቱ መምጣቱ ነው።

ብርሃኔ የረሂማን ክንድ ጨበጠች። «ምን ሊል ነው የመጣው?»

«ሊያስተዛዝን ነዋ! ሰው አይደለም?» አለች ረሂማ፤ ከዚያ የልጅቱን ፊት አየች። «ያ አሏህ! ይቺ ልጅ ነዳለች! ምነው ዝም አልሽ? መርሳ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት!»

«ኪኒን መሐላ አይፈታም፣ ረሂማ።»

ነገረቻት። ድንጋዩን፣ ጥላውን፣ በማንና በማን እንደማለች ሁሉን ነገረቻት። ረሂማ እየሰማች ትንሽ ሸሸት አለች፤ ያ ትንሽ መሸሽ ብርሃኔን ከሁሉ በላይ አስፈራት። ረሂማ እንዲህ ካለች ሌላው ምን ሊል ነው? ብትናገር ዕድሜዋን ሙሉ ባሏን የበላች ተብላ ልትኖር ነው። ዝም ካለች ደግሞ ቀጣይዋ መደቡ ላይ ተኝታለች።

«አስተግፊሩላህ» አለች ረሂማ። «እኔም ደግሞ ልድያ ትሙት አልኩብሽ።» ተመልሳ ተጠጋቻት። «ማሩስ? መማልሽን ሲሰማ ምን አለ?»

ብርሃኔ ያን ቀን ቤት ስትደርስ ማሩ ደጃፉ ላይ ሞፈር እየጠረበ ነበር። ወሬው ቀድሟታል።

«በኔ ሞት ማልሽ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«እና በማን ልማል? ካንተና ከልጄ ሌላ ምን አለኝ?»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «ድንጋዩ የት ነበር?»

ልትዋሸው ፈልጋ ዓይኑን ስታይ አቃታት። «ከዋንዛው በኛ በኩል» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ፍርሃቱ የገባት ያኔ ነው። «ትሞትብኛለህ? ማሩዬ፣ ትሞትብኛለህ?»

ማሩ ሳቀ። አጎንብሶ ጆሮ ግንዱ ላይ ያለችውን ሽበት አሳያት። «እስቲ ይቺን አጥቁሪልኝ።»

«ትቀልዳለህ!»

«አልቀለድኩም። በራስህ አትማል፣ አንዲት ጠጉር እንኳ ነጭ ወይም ጥቁር ማድረግ አትችልም ነው መጽሐፉ የሚለው። ጠጉሬን ማጥቆር ያቃተው ምላስ እንዴት አድርጎ ይገድለኛል? ሞቴ ባንቺ እጅ ቢሆንማ ደግ ነበር፤ አታስነኪኝም ነበር።» ከዚያ ሳቁን ተወው። «ዋንዛውን ግን መልሺለት።»

«አንተ ንገረው።»

«እኔ ብነግረው አንቺ ሐሰተኛ ትባያለሽ። አንቺ ብትነግሪው እውነተኛ ትሆኛለሽ።»

ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ደግሞ ነገ ወለደ። ማሩ ዳግመኛ አላነሳባትም፤ ብቻ እርሻ ሲመጣ በሬዎቹን ድንጋዩ ነበር ካለችው ቦታ አድርሶ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ያለችው ቁራጭ መሬት ሳትታረስ ሣር በቀለባት። መንገደኛው «የማሩ ሰንበት» እያለ ቀለደባት። ብርሃኔ በዚያ ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ታዞራለች።

«ታዲያ ሰውዬው ነግሮሽ ሄዷል እኮ!» አለች ረሂማ።

«ምኑን?»

«አልገደልሽኝም ብሎ ነዋ! ከሞቱ በፊት ነው የነገረሽ። አንቺ ግን የራስሽን አፍ አመንሽና የሱን ተውሽ።»

ብርሃኔ ከቀብሩ ጀምሮ የሰማችው የራሷን ድምፅ ብቻ ነበር፤ «ማሩ ይሙት፣ ማሩ ይሙት» የሚለውን። ያቺ ሽበት አንዴም ትዝ አላለቻትም።

«እማ» አለች ልድያ ከጋቢው ውስጥ። «እኔም እንዳባባ ልሞት ነው?»

«አትሞቺም፣ እኔ ልሙት!» የሚለው ጥርሷ ጋ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«አላውቅም፣ የኔ ዓለም» አለቻት። ማሩ ሽማግሌዎቹ ፊት ያላት ያቺው ቃል ነበረች፤ ያኔ አሳፍራታለች። በላብ ግንባሯ ላይ የተጣበቀውን ጠጉር ወደ ኋላ መለሰችላት። «መርሳ እንሄዳለን። አቅፌሽ ነው የምሄደው።»

ፍርሃቱ ሳይለቃት ወደ ዳሱ ወጣች። የዳሱ ሰው ቀና አለ። አንዳንዱ ልትበላ መሰለው።

«ሀብቴ» አለች። «ዋንዛው ያንተ ነው። ድንጋዩ ከዋንዛው በኛ በኩል ነበር። እያወቅኩ ነው የማልኩት።»

«አላልኳችሁም!» አለች አሮጊቷ፣ አሁን ማንሾካሾክ ቀርቶባት። «ባሏን በላችው!»

አያ በላይ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «ዝም በይ አንቺ! ብርሃኔ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ ወይስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አያ በላይ። እርሶም ፊት ነበር የዋሸሁት።»

ሀብቴ ከመቀመጫው ተነሳ። ፊቱ ጠቁሯል። «አምናም እውነት ነው ብለሽኝ ነበር። በምን ልመንሽ? ማዪልኝ! ማሩ ይሙት በይኝ!»

ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሀብቴ ራሱ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ማሩማ ሞቷል» አለች ብርሃኔ። እስካሁን ይህን ቃል ከአፏ አውጥታው አታውቅም ነበር። «አዎን ብዬሃለሁ። አዎን ነው።»

ሀብቴ ቆቡን ከአግዳሚው ላይ አንስቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ጎንበስ ብሎ ወጣ። ተቆጥቶ የሄደ መሰላቸው።

ብርሃኔ ልጅቱን ከነጋቢው አቅፋ ስትወጣ ግን ሀብቴ በቅሎውን ጭኖ ደጅ ቆሟል። «ሣሩን ሳየው ከርሜያለሁ» አለ፣ ልጓሙን እያስተካከለ። «ማሩ ሰነፈ እያልኩ ነበር የማማው።» እጁን ዘረጋ። «በይ አምጫት። ጀንበር ሳታዘቀዝቅ መርሳ እንገባለን።»

ልድያ ኮርቻው ላይ ሆና ትንቀጠቀጣለች። ብርሃኔ እግሯን ደግፋ ልትራመድ ስትል ረሂማ ከኋላ እየሮጠች ደረሰች፤ በእጇ የተጠቀለለ እንጀራ ይዛለች።

«በሞ…» ብላ ጀመረችና የራሷን አፍ በእጇ ያዘች። ከዚያ ምንም ሳትል ጉርሻውን ዘረጋችላት።

ብርሃኔ አፏን ከፈተች።