የታሰሩ ሰንጢዎች

ሳሊሕ ስለቱን ይቀጠቅጣል፣ ዝናው እጀታውን ይሠራል። ሐይቅ ከተማ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሁለቱ ሰንጢ እየሠሩ አብረው ሸበቱ።

ዝናው የእጀታውን ቀንድ በሞረድ የሚያለሰልሰው ስለቱ ተዘርግቶ፣ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ከታሰረ በኋላ ነው። ያልታሰረ ሰንጢ በሥራ መሀል ድንገት ይታጠፍና እጅ ይበላል። ዝናው በጎልማሳነቱ አንዴ ቀምሶታል። ከዚያ ወዲህ ሳሊሕ ማታ ሲወጣ ሰንጢዎቹን በዘንቢል ይዞ ይሄዳል፤ ጠዋት ታስረው ይመጣሉ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሳሊሕን ትኩሳት ጣለው። ደሴ ወስደውት ነበር፤ የተመለሰው ጀናዛው ነው።

ዝናው ሱቋን ለመክፈት ሲያመነታ ከረመ። በመጨረሻ ሲከፍት፣ ሳሊሕ የቀጠቀጣቸው ጥቂት ሰንጢዎች ሳይታሰሩ ተቀምጠዋል። አንዱን አንስቶ እንዲያው በሞርሳ ያዘው። እጁ ይሞርዳል፤ ልቡ ግን ከመቃብሩ አልተመለሰም። ስለቱ ከሞርሳው ሾልኮ ታጠፈና መዳፉን ሰነጠቀው።

እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ የሳሊሕ ሚስት ራዚያ ዘንድ ሄደ።

«ምን አገኘህ ዝናው?»

«ሰንጢው ታጠፈብኝ። ሳሊሕ ሳያስርልኝ ሄደ።»

ራዚያ የደማውን መሐረብ አየት አደረገች። «ሳሊሕ መች ያስር ነበር? የሱ ጣት ለመዶሻ እንጂ ለቋጠሮ መች ይሆናል። እኔ ነበርኩ። ‹የዝናው እጅ ከደማ ያደማሁት እኔ ነኝ› እያለ፣ ሳልጨርስ አያስተኛኝም ነበር።»

ዝናው ያን ሁሉ ዘመን ሳሊሕን እንጂ እሷን አመስግኖ አያውቅም።

«በል አምጣቸው» አለችው። «ወላሂ፣ ሳይታሰሩ እንዳትነካቸው!»

አመጣላት። ጨርቅ ፈልጋ አጣች። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሳሊሕን ሽርጥ አወረደችና ይዛው ቆመች።

«ልብሱን ሁሉ ለሰደቃ ሰጠሁት። ይቺን ግን…»

«ተይው እህቴ። ሌላ ጨርቅ አይጠፋም።»

«እሱ ቢኖር ቅደጂው ነበር የሚለኝ» አለችና ቀደደችው።

ጨርቁ ሲቀደድ እሷም አልቻለችም። ለቀስተኛው ሁሉ «ምነው እንባዋ ደረቀ» ሲላት የከረመችው ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዝናውም የቆሰለ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ አንድ በአንድ አሰረችለት።

ሰንጢዎቹ አልቀው ተሸጡ። ሌላ ቀጥቃጭ ፈልግ ቢሉት ዝናው እሺ አላለም። ሱቋን ለቆ አምባሰል ወዳለው መሬቱ ወጣ። መዳፉ ቢድንም ጣቶቹ እንደ ድሮው አይጨብጡም።

ሐይቅ ለገበያ በወረደ ቁጥር የራዚያን ደጅ ሳይረግጥ አይመለስም። ብዙ አያወሩም።

«ልጆች ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ።»

አንዳንዴ የሳሊሕን ነገር ሊያነሳ ይጀምርና ይተወዋል። እሷም ጨርሰው አትለውም።