ሶረቲ የከፈተችው በር

ሰው ስለ ጓደኛው ፊልም መሥራት የለበትም። ይህን የምለው ሠርቼ አይቼው ነው።

እኔ ካሜራ፣ ነጅማ ድምፅ፣ በሱፍቃድ ኤዲቲንግ ሆነን ስለ ሶረቲ የአሥር ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ልንሠራ ተነሣን። ከሶረቲ ጋር ልደታ አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየሙ ላይ እንደገና ጎረቤት ሆንን። የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። እናትና አባቷ ካለፉ በኋላ ታናሽ ወንድሟን ገመቺስን አስተምራ ለመሐንዲስነት ያበቃችው በዚያው መሪ ነው። ልጁ ሞያሌ አካባቢ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። ቃለ መጠይቁን በምንም ብንጀምረው እሱ ላይ ያበቃል።

"ለፋሲካ ሲመጣ እሱንም ትቀርጹታላችሁ" ትለን ነበር። "ያለ እሱ የምን የእኔ ታሪክ ነው?"

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አጎቷ ጋሽ ዋቅሹማ ሜክሲኮ ያለችው ጠባብ ቢሯችን ድረስ መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

"ገመቺስ የለም" አሉን። "መኪናው ተገልብጦ። አስከሬኑ ነገ ጠዋት ይገባል።"

ነጅማ አፏን በሻርፗ ያዘች።

"ሶረቲ አልሰማችም። ንጋት ላይ ነው የምናረዳት። ግን እሷ ሌሊት በአሥር ሰዓት ወደ ሥራ ትወጣለች። መሪ ጨብጣ ሳለች አንዱ ቢደውልላትስ? እናንተ ቀረጻ አለ ብላችሁ ቤት አቆዩልን።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተን ታምንሃለች፣ ልጄ።"

"በቀረጻ ስም መዋሸት ግን..." አለች ነጅማ።

"ታዲያ በስልክ ልንገራት?"

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ሳይኖርም አይነገርም። ደወልኩላት።

"ሶረቲ፣ ነገ ፈቃድ ውሰጂ። ንጋት ላይ በረንዳሽን እንቀርጻለን። ቤትሽን የምንቀርጸው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።"

"ተገላገልኩ በለኛ!" ሳቀች። "ምን ልልበስ?"

"ደስ ያለሽን" አልኳት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን ያን ሌሊት ሲከብድ አደረ።

ጎህ ሳይቀድ ብሎኩ ሥር ተሰበሰብን። ጋሽ ዋቅሹማና ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት ከሕንፃው ጀርባ ደብቀውታል፤ እሷ ሳትሰማ ድንኳን አይተከልም። ስትወድቅ የሚይዟት ሁለት ጠንካራ ሴቶች ተመርጠዋል።

"እናንተ ቅደሙ" አሉ ጋሽ ዋቅሹማ። "እኛ ደረጃው መታጠፊያ ላይ እንቆያለን። በሩን ትክፈትልን ብቻ።"

ካሜራውን ትከሻዬ ላይ ሳወጣ የመቅረጫውን ቁልፍ ተጫንኩ። ለምን እንደተጫንኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ውሸቱ እውነት እንዲመስል ይሆናል። ልማድም ይሆናል። አራተኛ ፎቅ ደርሰን አንኳኳን።

ሶረቲ ከፈተች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ተኳኩላለች። ቀሚሱን ገመቺስ በመጀመሪያ ደሞዙ እንደገዛላት የሰማሁት በኋላ ነው። ወደ ካሜራው ቀጥ ብላ ፈገግ አለች።

"ግቡ እንጂ! ነጁ፣ ማይኩን አምጪው፤ ዛሬ ራሴ ነኝ የማደርገው" ብላ እጇን ዘረጋች።

ነጅማ ማይኩን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። ሶረቲ አየቻት። ከዚያ በትከሻዬ በላይ ወደ ደረጃው አየች፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

"አንተ!" አለች። ለሽማግሌዎቹ አይደለም፤ ለእኔ ነው። ከዚያ በኋላ የጮኸችው ጩኸት ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ይመጣብኛል፣ ባንክ ቤት ተሰልፌ ይመጣብኛል። ከጩኸቱ ይልቅ ግን "አንተ" ያለችው ይብሳል።

ከአርባው በኋላ ጥቁር በጥቁር ለብሳ ቢሯችን መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

"ያን ቀን ትቀርጽ ነበር፤ የካሜራህን ቀይ መብራት አይቻለሁ። አሳየኝ።"

"ሶረቲ፣ ላጠፋው..."

"አሳየኝ አልኩህ።"

በሱፍቃድ ከፈተላት። ደረጃው፣ ማንኳኳታችን፣ በሩ፣ ቢጫው ቀሚስ። ፈገግ ስትል "አቁመው!" አለች። ምስሉ ቀጥ አለ። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ የራሷን ፊት እንደ ሌላ ሰው ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እዚህ ላይ ገመቺስ ገና አለ" አለች።

ፊልሙን አልጨረስነውም። ሶረቲ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። እዚያችው ቦታ ላይ አቁሜላት አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሻይ ባመጣላት አትጠጣም፤ ባዋራት አትመልስልኝም። በሱፍቃድና ነጅማ በሩን ዘግተውልን ይወጣሉ።

ባለፈው ሳምንት ብርጭቆውን ሳነሣ ክርኔ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ነካ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሶረቲ እጇን ለማይኩ መዘርጋት ጀመረች። አጠገቤ ያለችው ክንዴን በሁለት እጇ አፈፍ አደረገችው። "ገመቺስ ገና አለ" ካለች ወዲህ ያናገረችኝ ያኔ ነው።

"ተው በናትህ" አለችኝ። "እንደገና አትግደልብኝ።"